ለአራት ተጫዋች የአርኬድ ፓነል ሽቦ፦ ቦርዱን ከመቀየርህ በፊት

ጥያቄው፦ «ቤቴ ውስጥ ለአራት ተጫዋች የሚሆን የአርኬድ ካቢኔ (ባለ ዱላና ባለ ቁልፍ የቪዲዮ ጨዋታ ሣጥን) ሠርቻለሁ። ለፋሲካ የእህትና የወንድሞቼ ልጆች ስለሚሰበሰቡ እስከዚያ ማድረስ እፈልጋለሁ። ውስጡ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የቁልፎቹን ምት ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፍ አንድ አንድ ዜሮ ዲሌይ ቦርድ በዩኤስቢ ሰክቻለሁ። ተጫዋች 1 እና 2 ስድስት ስድስት፣ 3 እና 4 አራት አራት ቁልፍ አላቸው። ቁልፎቹ የሚበሩ ናቸው፤ መብራታቸውንም ከዚያው ከቦርዶቹ ወስጃለሁ። ለተጫዋች 4 የተዘጋጀው ገመድ ስላለቀብኝ የኔትወርክ ኬብል ቀድጄ ተጠቀምኩ፣ ግራውንዱንም (የሁሉም ቁልፎች የጋራ የሆነውን መመለሻ ሽቦ) ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው አቀባበልኩት። አሁን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ተጫዋች 1 እና 3 ይቀያየራሉ። የተጫዋች 2 አንድ ቁልፍ ማንም ሳይነካው ይተኩሳል። የተጫዋች 4 ደግሞ ከመካከለኛው ቁልፍ ወዲያ ያሉት አንዳንዴ ሁሉም ይሞታሉ። ቦርዶቹን ልቀይር ወይስ ሽቦውን ነቅዬ እንደ አዲስ ልዘርጋ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አጭሩን ላስቀድም። ከነገርከን ምልክት ተነስቼ ስፈርድ አንድም ቦርድ አልተበላሸብህም። የተጫዋች 2 ነገር ካቻቢቴ እንኳ ሳታነሳ የሚያልቅ ነው። የተጫዋች 4 የግራውንድ ችግር ነው። የ1 እና የ3 መቀያየር ግን ከቁልፎቹ ሽቦ ጋር አይገናኝም፤ ሽቦውን መቶ ጊዜ ብትዘረጋው አይለቅህም። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ስለሆኑ አንድ መድኃኒት አትፈልግላቸው። ሁሉንም ነቅለህ ብትጀምር ደግሞ አሁን ደህና የሆኑትን የተጫዋች 1 እና 3 ሽቦዎች ትረብሻለህ፤ በዓሉ ሳይደርስልህ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ እንግባባ፤ ይህ ከገባህ የቀረውን ራስህ ትደርስበታለህ። ቦርዱ እያንዳንዱን መግቢያ በውስጥ ሬዚስተር አማካይነት ከፍ ባለ ቮልት፣ እንደ ቦርዱ ዓይነት በ3.3 ወይም በ5፣ ይዞ ይጠብቃል። ቁልፉን ስትጫን ያ መግቢያ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፣ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ቦርዱም «ተጫነ» ብሎ ይመዘግባል። በሽቦው የሚያልፈው ከረንት ከአንድ ሚሊአምፒር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ሽቦ ፍለጋ አትድከም። ሽቦው መጠንከር ያለበት ለመታጠፍና ለመንቀጥቀጥ ነው፤ ልጆች እንደሚደበድቡት አትርሳ። ዋናው ነገር ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሽቦ ያለው መሆኑ ነው፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የሁሉም። የራሱ ሲበጠስ አንድ ቁልፍ ይሞታል። የጋራው ሲበጠስ ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። እኔ ጥገና የጀመርኩት በፕሌይስቴሽን ቤቶች ጆይስቲክ ነው፤ ወደ አርኬድ ፓነል ከገባሁ ወዲህ «ቦርዱ ተቃጠለ» ተብሎ ከመጣልኝ አብዛኛው የጋራው ሽቦ ችግር ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ወደ ተጫዋች 2 ልመለስ። ያን ራሱን የሚተኩስ ቁልፍ ተጭነህ ያዘው። ስትጫነው ተኩሱ ካቆመ፣ ስትለቀው ከቀጠለ፣ ሽቦው የተሰካው በማይሆን እግር ላይ ነው። ከቁልፉ ሥር ያለው ትንሽ ማብሪያ ሦስት እግር አለው፦ ኮም፣ ኤንኦ እና ኤንሲ። ኮም የጋራው ነው። ኤንኦ ሳይጫን ክፍት፣ ሲጫን ዝግ ነው። ኤንሲ ደግሞ ተቃራኒው፣ ሳይጫን ዝግ የሆነ። ለእኛ የሚያስፈልገው ኮም እና ኤንኦ ብቻ ነው። ፊደሎቹ በማብሪያው ጎን ላይ ተቀርጸዋል፤ ነገር ግን በጣም ደቃቅ ናቸው፣ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ስለሆኑም በደህና ብርሃን ካልሆነ አይነበቡም። እሱን ከማየት መልቲሜትሩን ጢጥ በሚለው ላይ አድርገህ ሁለት እግር ንካ፤ ሳትጫን ዝም ብሎ ስትጫን የሚጮኸውን ጥንድ ስታገኝ ትክክለኛው እሱ ነው። ሽቦውን ነቅለህ ወደዚያ ማዛወር ብቻ ነው።

ተጭነህም ተኩሱ ካላቆመ ግን ሌላ ነገር ፈልግ። ድምፁን ስማው፤ ቋ ቋ ቋ እያለ የሚደጋገም ከሆነ በዜሮ ዲሌይ ቦርድ ላይ ቱርቦ እና አውቶ የሚሉ፣ ተኩሱን በራሳቸው የሚያደጋግሙ መሰኪያዎችን ተመልከት። ሽቦ በስህተት እዚያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ባዶ ይሁኑ። የማይቋረጥ አንድ ተኩስ ከሆነ ደግሞ ከሽቦው ጫፍ ያመለጠች አንዲት ቀጭን ክር ጎረቤቷን እግር ነክታለች ማለት ነው፤ በተለይ የመብራቱ ሁለት እግሮች ከማብሪያው አጠገብ ስለሆኑ ይህ በሚበሩ ቁልፎች ላይ ይበዛል።

አሁን ተጫዋች 4። የኔትወርክ ኬብል መጠቀምህ ብልሃት ነው፣ አልነቅፍህም። ስምንት ቀለም ያለው፣ በየትኛውም ሱቅ የሚገኝ፣ ለአንድ ተጫዋች አራት አቅጣጫና አራት ቁልፍ ልክ የሚሆን ሽቦ ነው። ችግሩ የትኛውን እንደቀደድክ ነው። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ኬብል እያንዳንዱ ሽቦው አንድ ድርቅ ያለ መዳብ ነው፤ ተዘርግቶ ዝም እንዲል እንጂ እንዲታጠፍ አልተሠራም። ኮምፒውተርን ከግድግዳው ሶኬት ጋር የምናገናኝበት አጭሩ ፓች ገመድ ግን ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ለፓነል የሚሆነው እሱ ነው። ድርቁ ሽቦ ተርሚናሉ ከተጨመቀበት ቦታ ላይ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል፤ ከጊዜ በኋላ መዳቡ ይሰነጠቅና ሽፋኑ ብቻ ይዞት ይቀራል። ከላይ ስታየው ደህና ነው። በሁለት ጣትህ ይዘህ ቀስ ብለህ ስትስበው ግን ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ ታየዋለህ፤ ውስጡ ባዶ ነው። «አንዳንዴ ይሞታሉ» ያልከው ለዚህ ነው፤ የተሰነጠቀው መዳብ ሲነካካ ይሠራል፣ ሲራራቅ ያቆማል።

ለማረጋገጥ ዩኤስቢውን ንቀል፤ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በቦርዱ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን በየቁልፉ የግራውንድ እግር ላይ በተራ እያደረግህ ሂድ። በሌላ እጅህ ሽቦውን አነቃንቅ። ጩኸቱ የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጥፋተኛውን አገኘኸው፤ በአንተ ላይ ከመካከለኛው ቁልፍ ዙሪያ አያልፍም። እግረ መንገድህን የተርሚናሎቹን ልክ እይ። የማብሪያ እግር ብዙ ጊዜ 2.8 ወይም 4.8 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ለመኪና የሚሸጠው የተለመደው ተርሚናል ደግሞ 6.3 ነው። በፒንሳ ጨምቀኸው ቢይዝም ውሎ አድሮ ይወልቃል። ልኩን ካጣህ በስሱ በየደው፤ ነገር ግን ብረቱን በእግሩ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አታቆየው፣ የማብሪያው ፕላስቲክ ይቀልጥና ውስጡ ይጣመማል።

ስትጠግነው አንድ ነገር ጨምርልኝ። አሁን ግራውንዱ ከቦርዱ ተነስቶ በቁልፎቹ አልፎ በመጨረሻው ላይ ቆሟል። ያን የመጨረሻውን ጫፍ በአንድ ሽቦ ወደ ቦርዱ ግራውንድ መልሰው፣ ቀለበት ይሁን። ያኔ አንድ ቦታ ቢበጠስ ቁልፎቹ በሌላው ወገን ግራውንድ ያገኛሉ፤ ጨዋታው አይቋረጥም። ቀለበት አንድ ጉዳት አለው፤ የመጀመሪያውን ብጥስ ይደብቅብሃል። ስለዚህ በዓመት አንድ ሁለቴ አንዱን ጫፍ ነቅለህ በመልቲሜትር ፈትሸው። የአራቱን ተጫዋቾች ቀለበት ግን ለየብቻ አድርገው። በዩኤስቢው በኩል ግራውንዳቸው አንድ ስለሆነ ቢገናኝም የሚቃጠል ነገር የለም፤ ሲበላሽ የማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

የ1 እና የ3 መቀያየር ከሦስቱ ከባዱ ነው፤ ብዙ ሰው ቦርድ የሚጥለውም እዚህ ላይ ነው። አራቱ ቦርዶችህ መንትዮች ናቸው። ስማቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ የመለያ ቁጥርም የላቸውም። ፓይው የሚሠራበት ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ደግሞ ጆይስቲኮችን የሚቆጥረው ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የነቃው ቀድሞ ይቆጠራል። መብራት ሲመጣ አራቱም እኩል ይነቃሉ፤ ዛሬ ይኼ ቀደመ፣ ነገ ያ ይቀድማል።

ግን አንድ ጥያቄ መልስልኝ፤ ጨዋታው እየተካሄደ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ተቀያይረው ያውቃሉ? አዎ ካልክ ጥፋቱ የኃይል እጥረትም አለበት። እንቁጠረው። 20 የጨዋታ ቁልፍ፣ 4 ማስጀመሪያ፣ 4 የሳንቲም፣ ከነመውጫና ማቆሚያ 30 ቁልፍ ገደማ አለህ። እያንዳንዱ መብራት 20 ሚሊአምፒር ያህል ቢወስድ 600 ሚሊአምፒር ነው። ፓይ 4 በአራቱም ዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በድምሩ የሚሰጠው 1.2 አምፒር ስለሆነ በወረቀት ይበቃል፤ ነገር ግን ፓይውን በስልክ ቻርጀር ካስነሳኸው ለራሱም አይበቃውም። ቮልቱ ለቅጽበት ሲወርድ አንዱ ቦርድ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመለስም በአዲስ ተራ ይቆጠራል። በማያ ገጹ ጥግ ላይ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ካየህ ምስክሩ እሷ ናት። ለፓይው 5.1 ቮልት 3 አምፒር የሚሰጠውን የራሱን ኃይል ሰጪ ግዛለት፤ የቁልፎቹን መብራት ደግሞ ከቦርዶቹ ላይ አውርደህ ለብቻው ባለ 5 ቮልት ቻርጀር ስጠው። ከዚያ በፊት ግን መብራቶቹ የ5 ቮልት መሆናቸውን አረጋግጥ። ባለ 12 ቮልት ሆነው ለእነሱ ብለህ የምታመጣው 12 ቮልት በስህተት የቦርዱን መግቢያ ቢነካ ቦርዱ ያኔ በእውነት ይሞታል።

ኃይሉን ካስተካከልክ በኋላም ሲነሳ መቀያየሩ ካልቆመ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ሊኑክስ መሣሪያዎችን በስማቸው ብቻ ሳይሆን በተሰኩበት ቀዳዳም ያውቃቸዋል። በግቤት መሣሪያዎች ፎልደር ውስጥ ባይ-አይዲ እና ባይ-ፓዝ የሚባሉ ሁለት ንዑስ ፎልደሮች አሉ። ባይ-አይዲን ብትከፍት ቦርዶችህ መንትዮች ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ስም እየሸፈነ የአንዱን ብቻ ታያለህ። ባይ-ፓዝ ውስጥ ግን አራቱም አሉ፤ እያንዳንዱ በቀዳዳው አድራሻ። አድራሻው ገመዱን ካላነሳህ አይለወጥም። ኤክስቦክስ-ዲአርቪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ አድራሻ እያነበበ፣ አንተ በጻፍክለት ተራ፣ አራት ምናባዊ ጆይስቲኮች ይፈጥርልሃል። ፓይው ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ አድርገው። ዋናዎቹ ቦርዶች ከዝርዝሩ ስለማይጠፉ፣ ለጨዋታው «ተጫዋች 1» ብለህ የምትሰጠው ከምናባዊዎቹ የመጀመሪያውን ነው፤ ይህን የዘነጋ ሰው ሠርቶም እንዳልሠራ ይቆጥረዋል። አራቱን ቀዳዳዎችና አራቱን ገመዶች ዛሬውኑ በናስትሮ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ጻፍባቸው።

ሁለተኛው መንገድ ለአራት ሰው ፓነል እኔ ከልቤ የምመርጠው ነው፤ አራቱን ቦርድ በአንድ መተካት። አይፓክ 4 የሚባለው ቦርድ 56 መግቢያ አለው። የአንተን እንቁጠር፤ አራት ጆይስቲክ በአራት አቅጣጫ 16፣ ከ30ው ቁልፍ ጋር 46። አሥር ይተርፍሃል። ይህ ቦርድ ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ነው የሚታየው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ፊደል አለው። ፊደል ደግሞ ተራ አይቀያየርም። የድሮ አርኬድ ጨዋታዎችን የሚያስኬደው ፕሮግራም ማሜ የተጫዋች 1ን አቅጣጫ በኪቦርዱ ቀስቶች፣ የተጫዋች 2ን በአር፣ ኤፍ፣ ዲ እና ጂ፣ ሳንቲሞቹን ከ5 እስከ 8፣ ማስጀመሪያዎቹን ከ1 እስከ 4 ባሉ ቁጥሮች አድርጎ ስለሚጠብቅ፣ ገና ከመሰካቱ አብዛኛው ይሠራል። ጉድለቱ የኮንሶል ጨዋታዎች ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ጆይስቲክ ካላዩ አይጫወቱም፣ እነሱን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው። እንዲህ ያለው ቦርድ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ካልሆነ ቶሎ ስለማይገኝ ለፋሲካ አትጠብቀው፤ ለፋሲካው የመጀመሪያው መንገድ ያደርስሃል።

«ኪቦርድ ከሆነማ አሮጌ ኪቦርድ ፈትቼ ለምን አልጠቀምም?» እንዳትል እለምንሃለሁ። እኔ የመጀመሪያውን ፓነሌን የሠራሁት እንደዚያ ነው። ለአንድ ሰው ሸጋ ነበር። ሁለት ልጆች ሲቀመጡበት ግን የአንዱ ምት ሌላውን ማዝለል ጀመረ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ተጣሉ፣ እኔም ለሳምንት ሽቦ ስፈትሽ ከረምኩ። ሽቦው ንጹሕ ነበር። ተራ ኪቦርድ ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ መረብ ስለሚያነብ ሦስት ቁልፍ በአራት ማዕዘን ጥግ ላይ ሲጫኑ ያልተነካ አራተኛ ቁልፍ ሊያይ ይችላል። በዚያ ላይ የተለመደው የዩኤስቢ ኪቦርድ መልእክት ከሺፍትና ከኮንትሮል ዓይነቶቹ ሌላ በአንድ ጊዜ ስድስት ቁልፍ ብቻ ይይዛል። አራት ልጆች በሰያፍ እየሮጡ ሁለት ሁለት ቁልፍ ሲጫኑ 16 ነው። ለአርኬድ የተሠሩት ቦርዶች ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን መግቢያ የሚሰጡት ለዚህ ነው። የፓይውን የራሱን እግሮች ልጠቀም ብትልም ለግቤት የሚሆኑት 26 ብቻ ናቸው፤ ከ3.3 ቮልት በላይም አይችሉም። 5 ቮልት የሚዞርበት ፓነል ውስጥ እነሱን ማስገባት ፓይውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስለ ጆይስቲክ ያልጠየቅኸኝን ሁለት ነገር ልጨምር። ዱላውን ወደ ላይ ስትገፋ ከሥር ያለው ጫፉ ወደ ታች ይሄዳል፤ ስለዚህ የ«ላይ» ሽቦ የሚገባው ወደ ተጫዋቹ ሆድ በኩል ባለው ማብሪያ ላይ ነው፣ የ«ግራ» ሽቦም በቀኙ ላይ። ፓነሉን ገልብጠህ ስትሠራ ግራና ቀኝ እንደገና ስለሚዞር እያሰብክ ሳይሆን እየሞከርክ ሰካ። ሁለተኛው፣ የዳር ተጫዋቾችን ዱላ ከፓነሉ ጠርዝ ጋር አጣምመህ ካሰርከው መልሰህ አቅናው። ልጁ ጎኑን ሰጥቶ ቢቀመጥም ዓይኑ ያለው ማያ ገጹ ላይ ነው። የአራቱም ዱላ «ላይ» ወደ ማያ ገጹ መሆን አለበት፤ አለዚያ ተጫዋች 3 እና 4 ቀጥ ብለው ሊሄዱ ሲሉ በሰያፍ ይሄዳሉ፣ አንተም ሽቦ የተሳሳተ መስሎህ ትደክማለህ። ቁልፎቹን እንደወደድክ አጣምም።

ስለ 220 ቮልቱ አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ ልጆች ናቸው የሚቀመጡበት። የማያ ገጹና የቻርጀሮቹ ማከፋፈያ በካቢኔው ጀርባ፣ ከታች፣ በእንጨት ላይ በብሎን የታሰረ ይሁን። ከፓነሉ ሽቦዎች ጋር በአንድ ማሰሪያ አይታሰር፤ በካቢኔው አንድ ጎን እሱ፣ በሌላው ጎን እነዚህ ይውረዱ። የፓነልህ ፊት ብረት ከሆነ ብረቱን ከሶኬቱ የመሬት ሽቦ ጋር አገናኘው፤ የሶኬቱ መሬት በእውነት መሬት መግባቱንም አስፈትሽ። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ የፓይው ሜሞሪ ካርድ በድንገት ሲጠፋ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሁሉም ሲስተካከል የካርዱን ሙሉ ቅጂ ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጥ።

ፓነሉን ከመዝጋትህ በፊት አራት ሰው አስቀምጥ። ጄኤስቴስት የሚባለውን መሞከሪያ ከፍተህ እያንዳንዱ በተራ ሁሉንም ቁልፍ ይጫን፤ ቀጥሎ አራቱም በአንድነት በሰያፍ ገፍተው ሁለት ሁለት ቁልፍ ይያዙ፣ አንተ ደግሞ ከሥር የሽቦውን እቅፍ በእጅህ አነቃንቅ። አንድም ቁጥር ካልተንቀጠቀጠ ኃይሉን አጥፍተህ አምስት ጊዜ አስነሳው፣ ተራው አምስቱንም ጊዜ ያው መሆኑን እይ። ከዚያ ዝጋው። የተጫዋች 2 ቁልፍ በሁለቱም መንገድ ካልተፈታልህ የማብሪያውን እግሮች ከቅርብ በደህና ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የትኛው ሽቦ የት እንደገባ እንዲታይ አድርገህ።